ዓለማየሁ ፎቶግራፍ የተነሣበት መንደር

ለትምህርት ወይም ለሥራ ልምምድ ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ የአገራችን ሰው ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ፎቶግራፍ ከወዲሁ የታወቀ ነው። አንደኛው በቢግ ቤን ሰዓት ሥር፣ ሁለተኛው በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አጥር አጠገብ፣ ሦስተኛው በትራፋልጋር አደባባይ ከነሐሱ አንበሳ ጋር የተነሣው ነው። እነዚህን ማየት አይገባም አልልም። ሎንዶን ደርሶ ቢግ ቤንን ሳያይ የተመለሰ ሰው ለወዳጆቹ ምን ብሎ ያወራል? ነገር ግን ሁለት ቀን ዕረፍት ያገኘ፣ ጥቂት ፓውንድም ቆጥቦ የያዘ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ፣ ሌሎች የማይነግሩትን አንድ ቦታ እነግረዋለሁ። ይኸውም በእንግሊዝ አገር ደቡብ ጠረፍ፣ በዋይት ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ላይ የምትገኘው ፍሬሽዎተር የምትባለው መንደር ናት።

ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። በዚህች መንደርና በዙሪያዋ እንግሊዞች የሚኮሩባቸው ብዙ ነገሮች በአጭር የእግርና የአውቶቡስ መንገድ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ባለቅኔያቸው የኖረበት፣ ሊቃቸው የተወለደበት፣ ንጉሣቸው የታሰሩበት፣ ንግሥታቸው የሞቱበት ሁሉ በዚያው ደሴት ላይ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ የኛ የሆነ አንድ ልጅ አለ። ሌላው አገር ጐብኚ እርሱን በጨረፍታ አይቶ ያልፋል፤ እኛ ግን እንዲሁ አይተን ማለፍ የምንችል አይመስለኝም።

ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። 1868 ሲባል የመቅደላው ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር 1860 ዓ.ም. ነው።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ሎንዶን ውስጥ ዋተርሉ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ተነሥታችሁ ብሮከንኸርስት ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ባቡር ለውጣችሁ ወደ ሊሚንግተን ወደብ ትወርዳላችሁ። ከባቡሩ እስከ መርከቡ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። መርከቡም ሶለንት የሚባለውን የባሕር ሰርጥ በ40 ደቂቃ ያህል ተሻግሮ ያርመዝ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ያደርሳችኋል። ባሕር ተሻግሮ የማያውቅ የደጋ ሰው ቢኖር አይስጋ፤ ሰርጡ ጠባብ ስለሆነ ማዶው ከመነሻው ይታያል። ከያርመዝ እስከ ፍሬሽዎተር አውቶቡስ አለ። እግሩ የጠና ሰው ግን በአሮጌው የባቡር መንገድ ላይ በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል። ባቡሩ በ1953 ሥራውን አቁሟል፤ ሐዲዱም ተነሥቶ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከመንገዱ ጎን ያር የሚባለው ወንዝ አለ፤ በጭቃው ላይ ረጃጅም እግር ያላቸው የውኃ ወፎች ሲለቅሙ ይታያሉ።

ስለዚህ ወንዝ ጂኦግራፊ ለሚማሩት አንድ ነገር ልንገር። ወንዝ ወደ ባሕር ሲሮጥ እንጂ ከባሕር ሲሸሽ አናውቅም። ያር ግን ከደቡቡ ባሕር ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ይመነጭና፣ ለዚያ ባሕር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ የደሴቱን ጫፍ እንደ ቢላዋ ቆርጦም በያርመዝ በኩል ወደ ሶለንት ይገባል። ስለዚህ የፍሬሽዎተር አገር ለጥቂት ራሱን የቻለ ደሴት ሳይሆን ቀርቷል።

የባሕሩ ዳር ፍሬሽዎተር ቤይ ይባላል። ገደሉ ነጭ ነው፤ ድንጋዩ ጠመኔ ነው። ዕድሜዬን በጠመኔ አቧራ ውስጥ ለማሳለፍ የተመደብኩ መምህር ስለሆንኩ፣ ተራራ የሚያህል ጠመኔ በአንድ ቦታ ቆሞ ሳይ ምን እንደተሰማኝ የሙያ ጓደኞቼ ይገባቸዋል። ባሕሩ ይህን ገደል ቀን ከሌት ይበላዋል። ከባሕሩ ውስጥ ከቆሙት አለቶች መካከል እንደ በር ቅስት የነበረው አርች ሮክ በ1992 ተንዶ ጠፍቷል፤ በአሮጌ ፖስት ካርድ ላይ ብቻ ይታያል።

ከባሕሩ ዳር ጥቂት እንደወጣችሁ በመንገዱ ጥግ ዲምቦላ የሚባለውን ቤት ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ አንባቢዬ እግሩን ሰብስቦ እንዲቀመጥ እለምነዋለሁ፤ ብዙ የምለው እዚህ ነው።

ቤቱ ቀድሞ ሁለት ቤት ነበር። በ1860 ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ሁለቱን ገዝታ በመካከላቸው ግንብ አሠርታ አንድ አደረገቻቸው፤ ስሙንም ቤተሰቧ በሲሎን፣ ማለት ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው አገር፣ በነበረው እርሻ ስም ዲምቦላ አለችው። ይህች ሴት በ1815 ካልካታ ውስጥ የተወለደች ናት። ዕድሜዋ 48 ዓመት እስኪሆን ድረስ ፎቶግራፍ አንሥታ አታውቅም። በ1863 መጨረሻ ልጇና የልጇ ባል ጊዜ ማሳለፊያ እንዲሆናት ብለው የፎቶግራፍ መሣሪያ ሰጧት። እርስዋም የዶሮ ቤቷን አስለቅቃ የፎቶግራፍ ማንሻ ክፍል፣ የከሰል ማከማቻዋን ደግሞ ጨለማ ክፍል አደረገችው። ጊዜ ማሳለፊያ የተባለው ነገር በዓለም ላይ ከታወቁት ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዷ አደረጋት። ዕድሜዬ አልፏል፣ አዲስ ነገር አልማርም የሚል የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ካላችሁ ይህን አንብቡለት።

ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሣት ጣት ከማሳረፍ አይበልጥም። በዚያን ዘመን ግን ሌላ ነበር። አስቀድሞ አንድ ሰሌዳ መስተዋት ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ቀጥሎ የብር ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ይነከራል፤ ሳይደርቅም ወደ መሣሪያው ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ሰው ደቂቃዎች እስኪያልፉ ድረስ ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት። ወዲያው መስተዋቱ እርጥብ እንዳለ ወደ ጨለማው ክፍል እየተሮጠ ይታጠባል። ካሜሮን ይህን ሁሉ በገዛ እጅዋ ትሠራ ስለነበር እጅዋና ልብስዋ በመድኃኒቱ ጠቁሮ ይታይ ነበር። የሙያው ሊቃውንት ሥዕልሽ ደብዛዛ ነው፣ የጣት አሻራም አለበት እያሉ ይነቅፏት ነበር። እርስዋ ግን የፈለገችው የፊቱን መስመር ሁሉ ለመቁጠር ሳይሆን ከፊቱ በስተጀርባ ያለውን ሰው ለማሳየት ስለነበር አልሰማቻቸውም። በ1868 በጋ ቻርልስ ዳርዊን ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ወደ ፍሬሽዎተር መጥቶ በእርስዋ መሣሪያ ፊት ተቀምጧል። ጢማሙ የዳርዊን ሥዕል በሳይንስ መጽሐፍ ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ ያ ነው።

በዚያው በ1868 በሐምሌ ወር ሌላ እንግዳ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ስሙም ዓለማየሁ ቴዎድሮስ።

የንጉሥ ልጅ በአንቱታ እንደሚጠራ አልዘነጋሁም። ነገር ግን ሥዕሉን ያየ ሰው እርሳቸው ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ሕፃን ነው።

ታሪኩን አንባቢ በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ቢሆንም ወራቱን ብቻ ቁጠሩልኝ። በሚያዝያ 1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ከልጃቸው ጋር ይዞ ወጣ። እቴጌይቱ ታመው ስለነበር በግንቦት ወር ትግራይ ውስጥ በመንገድ ላይ ዐረፉ። በሐምሌ ወር ልጁ እንግሊዝ አገር ነው። እንግዲህ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ውስጥ ይህ ልጅ አባቱን፣ እናቱንና አገሩን በተራ አጣ ማለት ነው።

አብሮት የነበረው ጠባቂው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ስፒዲ ቀደም ሲል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዐፄ ቴዎድሮስን ወታደሮች ያሠለጠነ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነበር። የአገራችን ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። በመቅደላው ዘመቻ ደግሞ ከናፒየር ጦር ጋር በአስተርጓሚነት ተመልሶ መጣ። አንድ ሰው ለሁለቱም ወገን አገልግሏል ማለት ነው፤ እንደዚህ ያለውን ሰው ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ለአንባቢ እተወዋለሁ። ልጁ ግን አጥብቆ ይወደው ነበር፤ ከእርሱ መለየትም አይፈልግም ነበር።

ካሜሮን ብዙ ሥዕሎች አነሣቻቸው። በአንዳንዱ ላይ ስፒዲ የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ ልጁን አጠገቡ አድርጎ ይታያል፤ በሌላው ልጁ ብቻውን ነው። ለሥዕሎቹ የሰጠችውን ስም ሳነብ ተገርሜአለሁ፤ ደጃችና ባሻ የሚሉትን ማዕረጎች በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሰማችው አድርጋ ጽፋቸዋለችና። ልጁ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቃ ጽፋለች ማለት ነው፤ ብዙ የዘመኑ ሰዎች ይህን ያህል እንኳ አልደከሙም።

አሁን ስለ መስተዋቱና ስለ ደቂቃዎቹ የነገርኳችሁን አስታውሱ። ታናሽ ወንድም ያለው ሁሉ የሰባት ዓመት ልጅ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብደው ያውቃል። ይህ ልጅ ግን ተቀምጧል። ከፊቱ የማያውቃት ሴት፣ የማያውቀው መሣሪያ፣ የማያውቀው ቋንቋ አለ፤ እርሱም አትነቃነቅ ተብሏልና አይነቃነቅም። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ሲነሣ የሚስቅ ሰው እንዳልነበረ አውቃለሁ። የሌሎቹ አለመሳቅ ግን የጨዋ ሰው ዝምታ ይመስላል፤ የእርሱ ሌላ ነው።

እኔ ቤቱን ባየሁበት ቀን፣ በዚያ የምታስተናግድ አንዲት አሮጊት ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳትና ስለዚሁ ልጅ ማውራት ጀመርን። ታሪኩን በደንብ ታውቀው ነበር። ስሙ ትርጉም አለው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ዓለም አየሁ ማለት ነው አልኳት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ ቃሉን ቀስ ብላ ደገመችው፤ በወረቀትም ጻፈችው። እንግዲህ የሥዕሉን ዘዴ፣ የመስተዋቱን ዓይነት፣ የተነሣበትን ወር እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ አባትና እናት በልባቸው የነበረውን ሲያወጡ ያወጡለትን ስም ግን የሚሰማው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመካከላችሁ ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር ስሙን ይናገር። በቤቱ የሚታዩት ሥዕሎች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ፣ የዓለማየሁን ሥዕል በግድግዳው ላይ ብታጡት ጠይቁ እንጂ ዝም ብላችሁ አትውጡ።

ይህ ቤት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊፈርስ ታስቦ ነበር። በካሜሮን ስም የተቋቋመ ማኅበር በ1993 ገዝቶ ስላዳነው ሙዚየም ሆኗል። ከደጃፉ ላይ ደግሞ ጊታር የያዘ የጂሚ ሄንድሪክስ ሐውልት ቆሟል። ነገሩ እንዴት ነው ትሉ እንደሆነ፣ በ1970 ከመንደሩ በላይ ባለው በአፍተን ኮረብታ ላይ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ወጣት ተሰብስቦ ሙዚቃ ሰምቷል፤ ሄንድሪክስም እዚያ ተጫውቶ ብዙ ሳይቆይ ሞቷል። ሁለቱን በአንድ ደጃፍ ማገናኘት ለእኔ አልተዋጠልኝም፤ ለወጣት አንባቢዎቼ ግን ይዋጥላቸው ይሆናል።

ከዲምቦላ ብዙ ሳይርቅ ፋሪንግፎርድ የሚባለው የአልፍሬድ ቴኒሰን ቤት አለ። ቴኒሰን ከ1850 ጀምሮ በ1892 እስኪሞት ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት ባለቅኔ ነበር። ወደዚህ የመጣው በ1853 ነው። ስሙ እየገነነ ሲሄድ ሰዎች ፊቱን ለማየት በአጥሩ ላይ እየተንጠላጠሉ ስላስቸገሩት፣ ለበጋው ወራት ከደሴቱ ውጭ ሌላ ቤት እስከ መሥራት ደርሷል። እንግዲህ ከሞተም በኋላ አልተዉትም፤ ቤቱ አስቀድሞ ቀን ለያዘ ጐብኚ ይከፈታል። ለእኔ ግን ከቤቱ ይልቅ የሚራመድበት ኮረብታ በልጦብኛል። ባለቅኔው የዚያን ኮረብታ አየር በስፍር ቢሸጥ ስድስት ፔንስ ያወጣል ይል ነበር አሉ። ዛሬ ኮረብታው በስሙ ይጠራል፤ ከፍታው 147 ሜትር ሲሆን፣ በጫፉ ላይ በ1897 የቆመለት ትልቅ የድንጋይ መስቀል ለመርከበኞች ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ባርኔጣችሁን ያዙ። የኛ ሰው በዚያ ከፍታ ላይ ተራራ ወጣሁ ብሎ እንደማይኩራራ አውቃለሁ፤ እንጦጦ ከዚያ ከሃያ ጊዜ በላይ ከፍ ይላልና። ነገር ግን በግራም በቀኝም ባሕር የሚታይበት ተራራ የለንም።

በዚሁ ኮረብታ ጀርባ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብትራመዱ ምድሩ ያልቅና ኒድልስ፣ ማለት መርፌዎቹ የሚባሉትን ሦስት ነጫጭ አለቶች በባሕሩ ውስጥ ተሰልፈው ታያላችሁ። መርፌ የሚመስል አንድም የለባቸውም። እውነተኛው መርፌ አራተኛው ነበር፤ የሎጥ ሚስት ይሉት ነበር፤ በ1764 በማዕበል ወድቆ ስሙን ለወንድሞቹ አውርሷል። በመጨረሻው አለት ላይ ያለው የመርከብ መብራት በ1859 የተሠራ ነው። ከገደሉ አናት ላይ ፈረንሳዮች ይመጡብናል ተብሎ ከ1861 እስከ 1863 የተሠራ የመድፍ ምሽግ አለ፤ ፈረንሳዮቹም አልመጡም።

ከምሽጉ በላይ ያለውን የሲሚንቶ ፍርስራሽ ግን ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። እዚያ ከ1956 እስከ 1971 የእንግሊዝ ሮኬቶች ሞተር ይሞከር ነበር። ብላክ አሮው የተባለው ሮኬት በጥቅምት 1971 ከአውስትራሊያ ተተኩሶ ፕሮስፔሮ የምትባለውን ሳተላይት ወደ ሰማይ አድርሷል። የሚያስቀው ነገር፣ መንግሥት ወጪው በዛ ብሎ ሥራው እንዲቆም ያዘዘው ሮኬቱ ከመተኮሱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነበር። በጀት የሚያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ታሪክ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከታች በአለም ቤይ፣ አሸዋው ቢጫ፣ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ በቁም በተደረደረበት ገደል አጠገብ፣ ማርኮኒ በ1897 የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ አቁሞ ነበር፤ ቦታውን የሚያመለክት ሐውልት አለ።

ወደ መንደሩ ስትመለሱ ቅድስት አግነስ የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን ሳታዩ አትለፉ። በደሴቱ ላይ የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን እርስዋ ብቻ ናት። በገጠር ላደገ ሰው የሣር ክዳን ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ሲያየው ልቡ ይሞቃል። በግድግዳዋ ላይ 1694 የሚል ድንጋይ ስላለ ጥንታዊት ትመስላለች፤ የተሠራችው ግን በ1908 ነው። ድንጋዩ ከፈረሰ የገበሬ ቤት የመጣ ነው።

የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ ሮበርት ሁክ በዚህች መንደር በ1635 መወለዱን ይወቁ። ሞላ ሲለጠጥ የሚለጠጠው በተጫነበት ኃይል መጠን ነው የሚለውን ሕግ ያወጣ፣ የቡሽ ቅርፊት በማይክሮስኮፕ አይቶ ሴል የሚለውን ቃል በ1665 ለዓለም የሰጠ እርሱ ነው። አባቱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ይህ ሁሉ ክብር እያለው፣ የሁክ መሆኑ የተረጋገጠ ሥዕል በዓለም ላይ አንድም አልቀረም። በዚህች መንደር የተወለደው ሊቅ መልክ ጠፍቶ፣ በእንግድነት ያለፈው የኛ ልጅ መልክ መቅረቱ ብዙ አሳስቦኛል።

ሁለተኛው ቀን ለሩቆቹ ቦታዎች ነው። ያርመዝ ላይ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ያሠሩት ትንሽ ግንብ አለ፤ ፈረንሳዮች በ1545 ደሴቱን ስለወጉ የተሠራና በ1547 የተፈጸመ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በደሴቱ መካከል ያለው የካሪስብሩክ ግንብ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ከምክር ቤቱ ጋር በተዋጉ ጊዜ ከኅዳር 1647 ጀምሮ ለአሥር ወር ያህል እዚያ ታስረዋል። በመጋቢት 1648 በመስኮት ሊያመልጡ ሞክረው ሰውነታቸው በብረቱ መካከል ተይዞ ቀረ፤ በዓመቱ በጥር ወር ሎንዶን ላይ አንገታቸው ተቆረጠ። ልጃቸው ልዕልት ኤልሳቤጥም ከዚያ በኋላ በ1650 በዚሁ ግንብ ውስጥ ታስራ ሞታለች። ጐብኚው ግን ከዚህ ሁሉ ኀዘን ይልቅ የሚያየው አህዮቹን ነው። ጥልቀቱ 49 ሜትር ከሆነው ጕድጓድ ውኃ የሚቀዳው አንድ አህያ በትልቅ መንኰራኵር ውስጥ ገብቶ እየተራመደ ነው። አህያው በቀን የሚሠራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስሙ አለው፣ ሐኪም አለው፣ ሲጨርስ ይጨበጨብለታል። የመርካቶ አህዮች ይህን ባይሰሙ ይሻላል።

ከካሪስብሩክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በአውቶቡስ ኦስቦርን ትደርሳላችሁ። ይህ ንግሥት ቪክቶሪያና ባላቸው ልዑል አልበርት ከ1845 እስከ 1851 ያሠሩት የበጋ ቤት ነው፤ ንግሥቲቱም በጥር 22 ቀን 1901 ያረፉት እዚሁ ነው። ክፍሎቹ ዕቃቸው ሳይነካ እንዳለ ተጠብቀዋል። የሕፃናቱን አልጋዎች፣ የንግሥቲቱን የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ ሕንዳውያን ጠቢባን ያጌጡትን ሰፊ አዳራሽ ታያላችሁ። በሐምሌ 1868 ዓለማየሁ ለንግሥቲቱ የቀረበው በዚህ ቤት ነው። ንግሥቲቱ ለልጁ አዘኑለት፤ ስለ እርሱም በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል፤ እስኪሞትም ድረስ ስለ ደኅንነቱ ይጠይቁ ነበር። ይህን ደግነት አልክድም። ነገር ግን የልጆቹን ክፍል ስታዩ አንድ ነገር ይታያችኋል። በዚያ ቤት ለንግሥቲቱ ልጆች የራሳቸው የአትክልት ቦታ፣ የራሳቸው መጫወቻ ቤት፣ ስማቸው የተጻፈበት ትንንሽ የእጅ ጋሪ ሳይቀር ነበራቸው። የኛ ልጅ እዚያ ሲደርስ የራሴ የሚለው አንድ ሰው ነበረው፤ እርሱም ባሻ ፈለቀ ነው።

እርሱንም ወሰዱበት። ስፒዲ ልጁን ይዞ ወደ ሕንድ አገር ሄዶ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር መማር አለበት ብሎ ለያቸው። ከዚያ በቸልተናም፣ በራግቢ፣ በመጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተቀመጠ። በኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበር፤ ይህን ከምታነቡት ከብዙዎቻችሁ ያንሳል። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ፤ በውስጡም የናስ መታሰቢያ ሰሌዳ ተደረገለት።

አጥንቱ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ በደብዳቤ ጠይቀዋል። በግንቦት 2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአጠገቡ የተቀበሉትን ሌሎች ብዙ ሰዎች ሳያውኩ እርሱን ብቻ ማውጣት የሚቻል አይደለም የሚል ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ግን የስፒዲ ቤተሰብ ተወላጆች ከዘር ወደ ዘር ሲያስቀምጡት የኖሩትን የልጁን የራስ ጠጕር ቁራጭ ሎንዶን ላይ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ወገን አስረክበዋል። ቤተ መንግሥቱ የማይቻል ያለውን፣ አንድ ቤተሰብ በአቅሙ ልክ አድርጎታል።

ከኦስቦርን ስትወጡ ወደ ያርመዝ መመለስ አያስፈልጋችሁም፤ ከኢስት ካውስ ወደ ሳውዝሃምፕተን የሚሻገር መርከብ ስላለ፣ ከዚያ በባቡር በዚያው ማታ ሎንዶን ትገባላችሁ። ምሳችሁን ከሎንዶን ይዛችሁ ብትሄዱ ኪሳችሁ ያመሰግናችኋል፤ የክረምት ወራት ከሆነ አንዳንዱ ቤት ስለሚዘጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መቃብሩን ለማየት የሚፈልግ ሰው ዊንድዘር ከሎንዶን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ነገር ግን እሑድ ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ለጸሎት እንጂ ለጐብኚ ስለማይከፈት፣ ለዊንድዘር ሌላ ቀን ፈልጉለት።